«ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይ?» ለምትሉኝ



ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ላፕቶፔ ላይ ሙዚቃ ስሰማ ድምፁ ደስ አይለኝም። ሳውንድ ካርድ ልገዛ ብር አጠራቅሜያለሁ፤ የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ጻፈልኝ። ልጁ ሥራ ከያዘ ዓመት አልሞላውም። ያጠራቀመው የወር ደመወዙን ግማሽ ያህላል፤ ቀልድ አይደለም። ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ እዚሁ ልመልሰው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሙዚቃ የቁጥር ክምር ነው። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ቀይሮ ለጆሮ ማዳመጫው የሚያቀብለው ክፍል ነው ሳውንድ ካርድ የሚባለው። ድሮ ለብቻው ተገዝቶ የሚሰካ ሰሌዳ ነበር። የሲንጋፖሩ ክሪዬቲቭ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሳውንድ ብላስተርን ሲያወጣ አብዛኛው ኮምፒውተር «ጢጥ» ከማለት የዘለለ ድምፅ አልነበረውም። አሁን ያ ሁሉ ሥራ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች የጥፍር ታህል ቺፕ ያልቃል። ስለዚህ ሁላችሁም ሳውንድ ካርድ አላችሁ፤ ጥያቄው ያለው ይበቃል ወይ ነው።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ቁጥር ነው። «ይሄ 24 ቢት፣ 192 ኪሎ ኸርዝ ነው!» ይባላል። ሲዲ 16 ቢት ነው፤ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ይህ እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ይበቃል። የሰው ጆሮ ደግሞ፣ ያውም በወጣትነቱ፣ ከ20,000 ኸርዝ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ላለው ለማዳመጥ ብላችሁ ብር የምትጨምሩ ከሆነ የምታስደስቱት የሌሊት ወፍ ነው። ርካሿ የዩኤስቢ ካርድ ካርቶን ላይ «7.1» የሚል ካያችሁም አትደነቁ፤ ቀዳዳዋ ሁለት ብቻ ሆኖ ሰባቱ ድምፅ በየት ይወጣል?

ደግሞስ የምንሰማው ፋይል ምንድን ነው? አብዛኞቻችን የያዝነው ዘፈን ከካሴት ተቀድቶ፣ በ128 ኪሎ ቢት ኤምፒ3 ተጨምቆ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ነው። ሲጨመቅ የተጣለው አይመለስም። የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» በዚያ ዓይነት ፋይልና በደንብ ከተዘጋጀ ሲዲ አቀያይራችሁ ስሙት፤ ልዩነቱ የትኛውም ካርድ ከሚያመጣው ይበልጣል። 128ቱን ወደ ፍላክ ቀይረን «አሻሻልነው» የምንለው ደግሞ ጠላን በውስኪ ጠርሙስ እንደመቅዳት ነው።

አሁን ወደ ሶዶ ልምጣ፤ የኛ ትልቁ ችግር ሌላ ነውና። እስቲ ይሄን ሞክሩ፦ ጆሮ ማዳመጫውን ሰኩና ምንም ሳትከፍቱ ድምፁን ከፍ አድርጉ። «ዥ…» ወይም «እምም…» የሚል አለ? ቻርጀሩን ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የቺፗ አይደለም፤ የመብራቱ መስመር ነው። መብራታችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ያ እምምታ እሱ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ግን ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ የኧርዝ ሽቦ የለም። ላፕቶፑን ስትነኩት እጃችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። እዚህ ላይ ካርድ ከመግዛት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዝ ማሠራት ይቀድማል፤ ለሙዚቃው ብቻ ሳይሆን ለነፍሳችሁም። እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ በባትሪ ስሙ። (በኦሞ ላይ፣ በኛና በዳውሮ መካከል፣ 1870 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችለው ግቤ ሦስት ቆሟል፤ እኛ ስለ ባትሪ እናወራለን። ይሁን።)

ቻርጀሩ ተነቅሎም «ጭ… ጭ…» የሚል፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ የሚቀያየር ድምፅ ካለ ግን ያ ከኮምፒውተሩ ሆድ የሚመጣ ነው። ያኔ ካርድ ግዙ፤ ያውም የውጭውን፣ በዩኤስቢ የሚሰካውን። ውስጥ የሚገባው ላፕቶፕ ላይ ቦታ የለውም። ትንሿ ባለ ገመድ የዩኤስቢ-ሲ መቀየሪያ ራሷ ሳውንድ ካርድ ናት፤ የአፕሏ ለምሳሌ መጠኗ አያታላችሁ፣ ለተራ ኢርፎን ከበቂ በላይ ናት። ተጠንቀቁ ግን፦ መልኳ አንድ ዓይነት ሆና ውስጧ ባዶ ሽቦ ብቻ የሆነችም አለች። እሷ አንዳንድ ስልክ ላይ ትሠራለች፤ ላፕቶፕ ላይ ጭራሽ አትናገርም። ሱቁ ውስጥ ሳትሰሙ አትክፈሉ።

ለዚያ ልጅ የመለስኩለትም ይሄንኑ ነው። ከብሩ አብዛኛውን ለጆሮ ማዳመጫ አውለው፣ ጥቂቷን ለመቀየሪያዋ፣ የተረፈውን እናትህ ጋ ላክ አልኩት። «ቲቸር፣ ሁልጊዜ መጨረሻው እናትህ ጋ ላክ ነው» አለኝ። ነው እንግዲህ።

እኔ ራሴ ግን አንድ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። አክስቴ በጊፋታ ሰሞን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስትዘፍን አጎቴ በቴፕ የቀዳው ካሴት ነበረን። እሷ ካረፈች ቆየች፤ ድምፅዋ ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ካሴት ደግሞ ዘላለም አይኖርም። የብዙ ላፕቶፕ ቀዳዳ ለማይክ የተሠራ ነው፤ ከግራና ከቀኝ አንዱን ብቻ ይወስዳል፣ የቴፕ ድምፅ ሲገባበትም ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ «ላይን ኢን» ያላትን የቤህሪንገር ዩሲኤ 202ን መረጥኩ። 16 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ናት፤ ለካሴት ከዚያ በላይ ምን ያደርጋል?

ላፕቶፑን በባትሪ አድርጌ ቀዳሁት። አክስቴ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ከግራ ይመጣል። በቀኝ በኩል ከሁሉም ዘግይታ የምትቀበል አንዲት ቀጭን ድምፅ አለች። ቤት ውስጥ ማንም ሊለያት አልቻለም። ለታላቅ እህቴ በቴሌግራም ላኩላት፤ እንዳይጨመቅ በፋይል መልክ ነው የላኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች። ቦዲቲ የተዳረችው ጎረቤታችን ናት አለችኝ፤ በሕይወት አሉ። ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጎ አሰማቸው። «ያኔም ዘግይቼ ነበር የደረስኩት፣ ውሃ ልቀዳ ሄጄ» አሉ አሉ።

ሶዶና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ሳጥን ውስጥ ሻጋታ ሳይበላው አምጡት። ካርዷ አለች፣ ቴፑም ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ባዶ ፍላሽ ያዙ።