በጉማራ ወንዝ ዳር

ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ቤተሰብም ዘመድ የሚጠይቅበት ወቅት ነው። እኛም በነሐሴ ወር ልጆቻችንን ይዘን ባሕር ዳር ሰነበትን። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ልጆቹ ከዳር ቆመው የደንገል ታንኳ ሲያዩ ዋሉና «እኛስ ዓሣ የምናጠምደው መቼ ነው?» እያሉ አላስቀምጥ አሉን። መንጠቆና ሲባጎ ገዛን፤ ትልም ቆፈርን። በማግሥቱ የጎንደርን መንገድ ይዘን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣ የፎገራ ሜዳ ላይ ካለው የጉማራ ወንዝ ድልድይ ደረስን።

ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል። መንጠቆውን ገና ሳንጥል ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ከሩዝ ማሳቸው ወጥተው ወደኛ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ልጆቼ፣ አሁን የምትይዙት ዓሣ ሆዱ ዕንቁላል ነው። መንገደኛ ነውና ተዉት ይለፍ» አሉ።

«አባባ፣ ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲል ትንሹ ልጃችን ጠየቃቸው።

«ሽቅብ ነው ልጄ፣ ጠጠር ወዳለበት። ዕንቁላሉን እዚያ ጥሎ ይመለሳል።»

አዛውንቱ የተናገሩት እውነት ነው። በጣና «ነጭ ዓሣ» የሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ አኑሯቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይገባሉ። ዕንቁላላቸውንም ጥርት ያለ ውሃ በሚፈስባቸው ገባር ወንዞች ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ሁሉም በአንድ ወቅት በጠባብ የወንዝ አፍ ስለሚያልፉ፣ ያን ጊዜ እነርሱን መያዝ እጅግ ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ የሚካሄድ የንግድ ማጥመድ በጣና ተጀመረ፤ መረቡም በመራቢያው ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ ይዘረጋ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ የአዋቂ ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ፣ የጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ ዓሦች ለመራባት እስኪደርሱ ዓመታት ስለሚፈጅባቸው የጎደለው ቶሎ አይተካም።

አዛውንቱም የራሳቸውን አልደበቁም። «እኛም በልጅነታችን የብርብራ ፍሬ ወቅጠን ውሃው ላይ እንበትን ነበር። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በእጃችን እንለቅም ነበር። የበላነው የአንድ ቀን ወጥ ነው፤ የጨረስነው ግን የስንት ዓመት ዘር ነው» አሉ።

ታላቋ ልጃችን «ለጨዋታ ይዘን መልሰን ብንለቀውስ?» አለች። ይህ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ነው። በካናዳና በአሜሪካ ባስ የሚባል ዓሣ አለ፤ ዕንቁላሉንና ጫጩቶቹን የሚጠብቀው አባትየው ነው። መዝናኛ ፈላጊው በመንጠቆ አውጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ሲያቆየው፣ ሌሎች ዓሦች ጎጆውን ይወሩና ዕንቁላሉን ይበላሉ። ብዙ ከቆየና ከደከመ ደግሞ ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። ነጭ ዓሣ ጎጆ ባይጠብቅም፣ ረጅም መንገድ የሚጠብቀውን ዓሣ በጉዞው መካከል ማድከም ለእርሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጆቹ ሲባጎውን ጠቀለሉ። ትሉን ወደ ጭቃው መለሱና ከአዛውንቱ ጋር ድልድዩ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ሲመለከቱ ቆዩ። ከደፈረሰው ውሃ አንድም ዓሣ አልታየንም፤ ሆኖም ትንሹ ልጃችን «አሁንም እያለፉ ነው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመዝናናት ወደዚያ ብትሄዱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዞቹንና አፋቸውን ለዓሦቹ ተዉላቸው። እኛም ኢንሻአላህ በበጋ፣ ከወንዝ አፍ ርቀን በሐይቁ ዳር መንጠቋችንን ልንጥል ለልጆቹ ቃል ገብተናል።