ሙቀትን መጠበቅ፣ ከእሳት መጠንቀቅ

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ስንከራከር ዘወትር የሚቀድመን ጥያቄ «ምን ያህል እናመነጫለን?» የሚለው ነው፡፡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የሚያኮራ ነው፡፡ ያመነጨነው ኃይል በየቤቱ ወዴት ተንኖ እንደሚጠፋ ግን እምብዛም አንነጋገርም፡፡ ስለዚህ ጉዳዩን ለዛሬ ከአደባባይ ወደ ማድቤት ልውሰደው፤ በትርፍ ጊዜዬ ከገብስ ብቅልና ከጌሾ ቢራ መሰል መጠጥ በስቶቭ ላይ እጠምቃለሁና፡፡

ጥመቃው የሚጀምረው የተከካውን ብቅል በሙቅ ውሃ በጥብጦ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ለ60 ደቂቃ ያህል በማቆየት ነው፡፡ በዚህ ጊዜ የብቅሉ ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾውም ኋላ የሚመገበው ይህንኑ ስኳር ነው፡፡ ሙቀቱ ሲወርድ ሥራው ይጓተታል፤ ከ75 ዲግሪ በላይ ሲያሻቅብ ደግሞ ኢንዛይሞቹ ፈጥነው ይበላሻሉ፣ ድስቱን ማቀዝቀዝም አይመልሳቸውም፡፡ ስለዚህ ስቶቩን በየጊዜው ከማብራትና ከማጥፋት ድስቱን ከድኖ መጠቅለል ይመረጣል፡፡ ክዳኑ ከሁሉ ይቀድማል፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ በላይ ነው፡፡

አደጋው ያለው ከመጠቅለያው ነው፡፡ ጋቢውም ፎጣውም ጥጥ ነው፤ ጥጥ ይነዳል፡፡ ብርማው የፕላስቲክ መጠቅለያም በጋለ ብረት ላይ ይቀልጣል፡፡ ለእኛ ለከተሜዎቹ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፡፡

ባለፈው ክረምት ቴርሞሜትሩ 66 እንዳሳየ መብራት ጠፋ፡፡ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረችው እናቴ ድፍድፉ እንዳይቀዘቅዝብኝ አስባ ጋቢዋን ይዛ ወደ ስቶቩ ተጠጋች፡፡

«እማዬ፣ መጀመሪያ እናውርደው» አልኳት፡፡

«መብራቱ ጠፍቶ የለ እንዴ፣ ልጄ? ምን ያቃጥለዋል?»

«ሲመለስ ግን አያስፈቅደንም፡፡»

ሳቀች፤ ግን ገባት፡፡ ማብሪያውን አጠፋሁ፤ ድስቱን በሁለት እጀታው ይዤ ከስቶቩ ርቆ በተቀመጠ የእንጨት ጣውላ ላይ አሳረፍኩት፡፡ ከዚያ በኋላ ፎጣውንና ጋቢውን ጠመጠምንበት፡፡ ደንቡ አጭር ነው፤ መጠቅለያና ምድጃ ፈጽሞ አይገናኙም፡፡ የጠፋ ስቶቭ እንኳ ብረቱ እስኪበርድ ብዙ ይቆያል፡፡ ጌሾው በሚፈላበት ሰዓትም ምንም ነገር አይጠቀለልም፡፡

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ የአንድ ጠማቂ ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ ማድቤት እሳት የጎረቤቱ ሁሉ እሳት ነው፡፡ ወጡን ወይም ሽሮውን በስቶቩ ላይ እንዳለ ሸፍኖ፣ ማብሪያውን ሳያጠፋ ከቤት የሚወጣ ሰው መብራቱ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም፡፡ በእኔ እምነት፣ ኃይል የሚቋረጥበትንና የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ለደንበኛ የሚደረግ ትሕትና ሳይሆን የሕይወት ደኅንነት ግዴታ ነው፡፡ ቁጠባን ለዜጋ የሚሰብክ ሁሉ ይህንንም አብሮ ሊያስብበት ይገባል፡፡ እስከዚያው ግን ማብሪያውን ማጥፋት የእኛው ፈንታ ነው፡፡

ቸር እንሰንብት!