የአባቴ ኳስ

አባቴ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳል። በልጅነቱ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከሰው ፊት በፊት የሰው ጫማ ያያል። ላስ ቬጋስ ከመጣን ጀምሮ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የሚሠራው፤ ማታ ከቤት ሲወጣ ጫማው ፊት ያሳያል። እኔና እህቴ ጫማችንን ራሳችን መጥረግ የጀመርነው በጣም ዘግይተን ነው። እሱ አይፈቅድማ! «ቀለም ታባክናላችሁ» ይለናል።

የምጽፈው ግን ስለ ጫማ አይደለም፣ ስለ ቦውሊንግ ኳስ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ሰኞ ሰኞ ይጫወቱ ነበርና አንድ ቀን ሰው ጎድሎባቸው ጠሩት። ለአንድ ቀን ብሎ ሄዶ ቀረ። አበሻ ጓደኞቹ «ድንጋይ ማንከባለል አልሰለቸህም?» እያሉ ሲስቁበት ዓመታት አለፉ። እኔም በእሱ ሰበብ ከትምህርት ቤት መልስ የቦውሊንግ ኳስ የሚበሳበትና የሚታደስበት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። የሱቁ ባለቤት አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አያወሩም፤ ደንበኛ ሲመጣ ግን ጥያቄያቸው አያልቅም። የት ነው የምትጫወተው? በምን ፍጥነት ትወረውራለህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ቦውሊንግን ከሩቅ ለምታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ኳሱ የሚንከባለልበት ሌን ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ ይረዝማል (ዛሬ ጫማ የሚለው ቃል አይለቀንም፤ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲም በሉት)። ሌኑ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ብዙውን ጊዜ 40 ጫማ አካባቢ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደረቅ ነው። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተትና ደረቁ ላይ ሲደርስ መሬት ይዞ ይታጠፋል። ጥሩ ተጫዋች ፒኖቹን የሚመታው በዚያ እጥፋት ነው። ዘይቱ ደግሞ ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ኳሱን አይታችሁ ነው የምታውቁት።

ታዲያ ኳሱ የት ላይ መሬት እንደሚይዝ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱና ትልቁ የገጹ ልስላሴ ነው። በሐምሌ ጭቃ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያደረገ ሰው አስቡ፤ ይንሸራተታል። ጥርስ ያለው ቦቲ ያደረገው ጭቃውን ነክሶ ይቆማል። ኳስም እንደዚያ ነው። የተሻከረ ኳስ ዘይቱን ሰንጥቆ ቶሎ መሬት ይይዛል፤ የተወለወለ ኳስ ረጅም ርቀት ይንሸራተትና መጨረሻ ላይ ይታጠፋል። ለማሻከርም ለማለስለስም የሚያገለግሉ አብራሎን የሚባሉ፣ ጀርባቸው ስፖንጅ የሆነ ክብ ብርጭቆ ወረቀቶች አሉ። ቁጥራቸው ከ180 እስከ 4000 ይሄዳል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻክራል፣ በበዛ ቁጥር ይለሰልሳል። ኳሱን የሚያሽከረክር ማሽን ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ውኃ ትረጫላችሁ፣ በእጃችሁ እኩል እየተጫናችሁ አንዱን ጎን ትጨርሳላችሁ፣ አዙራችሁ ሌላውን ትቀጥላላችሁ። ሳይታጠብ አይጀመርም፤ ምክንያቱም የዛሬዎቹ ኳሶች ዘይት ይጠጣሉ። በሞቀ ውኃ ስናጥባቸው የጠጡትን ዘይት እንደ ላብ ያወጡታል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። የሚሻከር ወይም የሚወለወል ኳስ ሙሉ ገጹ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንድ ጎን ብቻ አይነካም። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ገጹን መለወጥ ክልክል ነው። ከ2019 ነሐሴ ወዲህ በውድድር መካከል ፈሳሽ ማጽጃ እንኳ አይፈቀድም፤ ደረቅ ፎጣ ብቻ። ይዛችሁት የገባችሁትን ይዛችሁ ትጨርሳላችሁ።

በ2024 የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ኦፕን ቻምፒዮንሺፕ ወደ ከተማችን መጣ፤ ሳውዝ ፖይንት ሆቴል ውስጥ፣ 60 ሌን ባለው አዳራሽ። ይህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1901 ቺካጎ ላይ ነው። ደስ የሚለው ነገር የማኅበሩ አባል የሆነ ሁሉ ተመዝግቦ መግባቱ ነው፤ ዋንጫ የለመዱ ባለሙያዎች በሚጫወቱበት አዳራሽ አባቴም ይጫወታል። በሁለት ቀን ዘጠኝ ጨዋታ ነው፦ ሦስት በቡድን፣ ሦስት በጥንድ፣ ሦስት በግል። አባቴ ከወራት በፊት ፈቃድ ጠየቀ። ባልደረቦቹ ሰማያዊ ሸሚዝ አሠሩ፤ የእሱን እናቴ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ኳሱን ሰጠኝ። «አጽዳልኝ፤ እንደነበረ አብርቀው» አለኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት ግን በአፌ ብቻ ነበር። ባለሙያዎቹ ትኩስ ዘይት ላይ ኳሳቸውን እንደሚያሻክሩ በቪዲዮ አይቻለሁ። አባቴ ኳሱን የሚያስወለውለው ማብረቅረቁን ስለሚወድ ብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የሊስትሮ ነገር ነው፣ ቴክኒክ አያውቅም አልኩ። በ500 ጀመርኩ፣ በ1000 ጨረስኩ፣ እዚያው አቆምኩ። ኳሱ እንደ ጠመኔ ደበዘዘ። በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። አልነገርኩትም። ብነግረው እምቢ እንደሚል አውቅ ነበር።

በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ፣ ሌኑ ዳር ቆሞ ጨርቁን ገለጠ። ኳሱን አየው፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለዘይቱ ነው አባዬ። እመነኝ።»

ባልደረቦቹ እየሰሙ ነው። ዝም አለ፤ ኳሱን አንሥቶ ተሰለፈ።

በመጀመሪያው ጨዋታ 178 አመጣ። አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔም በደስታ ወንበሬ ላይ አልቀመጥ አልኩ። በሁለተኛው ግን ኳሱ ቶሎ ቶሎ መታጠፍ ጀመረ። በአንድ ጥንድ ሌን ላይ ሁለት ቡድን ነው የሚጫወተው፤ የሁሉም ኳስ እየሻከረ ገብቶ ከፊት ያለውን ዘይት ጠርጎታል። የጓደኞቹ ኳስ በሰዓት 16 እና 17 ማይል ይሄዳል፤ የአባቴ 13 ነው። በዚያ ፍጥነት የሻከረ ኳስ መንገድ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ፒኖቹ ጋ ሲደርስ እንደ ደከመ ሰው ተደግፏቸው ያልፋል፤ የጥግ ፒን ይቆማል። 141። ኃይል ሊጨምር ሞከረ፤ ጉልበቱ ግን አልታዘዝ አለው። ሦስተኛው 128 ሆነ። ሰውነቴ ቀለለኝ፤ አዳራሹ ሙሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ።

በሦስተኛው ጨዋታ መካከል ኪሴ ውስጥ 4000 ቁጥር ወረቀት እንዳለ ትዝ አለኝ። ኳሱን ወደ መታጠቢያ ቤት ይዤ ብሄድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማን ያያል? እጄን ወደ ኳሱ ስሰድ አባቴ ሳይዞር «ተው» አለኝ። በዚያን ቀን ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረኝም፤ እስከ መኪናው ድረስ።

መኪናው ውስጥ ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። ሱቁን ዘግተው ቤታቸው ገብተው ነበር፤ መጥተው ከፈቱልን። ማሽኑ ጋ ቆመው ጠየቁኝ፦

«አባትህ ምን ይደረግ አሉህ?»

«አብርቀው ብሎኝ ነበር።»

«አንተስ ለምን እንደሆነ ጠየቅሃቸው?»

መልስ አልነበረኝም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «እንግዲያው ማሽኑን እሳቸው ይያዙት» አሉ።

አባቴ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። አስቀድሞ ኳሱን አጠበው፤ ማንም ሳይነግረው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለኝ፦ 2000፣ 3000። በሕይወቱ ያን ማሽን ነክቶ አያውቅም፤ እጁ ግን ያውቀው ነበር። እኔ ሁልጊዜ አንዱን ጎን ከሌላው አብልጬ እጫናለሁ፤ ሽማግሌው ስንቴ ተቆጥተውኛል። የእሱ እጅ አንድ ዓይነት ነው። 3000ውን ጨርሶ ማሽኑን አጠፋና እኔን አየኝ።

«አንተ ብትሆን የት ታቆም ነበር?»

ያፈንኩት ነገር ያን ጊዜ ወጣ። «ስለ ዘይቱ ብቻ ከሆነ እዚህ። ግን አንተ... በዝግታ ነው የምትወረውረው አባዬ።»

እውነቱን ለመናገር ሱቁ ውስጥ ለማንኛውም ደንበኛ የምጠይቀውን ለእሱ ያልጠየቅኩት ለዚህ ነበር። ጉልበትህ እንዴት ነው ማለት ፈራሁ። አባቴ እያረጀ መሆኑን ከአፉ መስማት አልፈለግሁም።

እሱ ሳቀ። «ዝግተኛ መሆኔን የማላውቅ መስሎህ ነው? ለምን ይመስልሃል የማስወለውለው?»

4000ውን እየሠራ አንድ ነገር ነገረኝ። አሥር ዓመት ሲሆነው ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ጋዜጣ እያነበቡ እግራቸውን ሰጡት። ጫማው ቀለም የማይነካው፣ ጸጉር ጸጉር ያለው ለስላሳ ቆዳ ነበር። አባቴ እንደዚያ ያለ ጫማ አይቶ አያውቅም፤ ያረጀ መሰለውና ጥቁር ቀለም ቀብቶ እስኪበቃው ወለወለው። ሰውየው ጋዜጣውን ሲያጥፉ ጫማቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ። ሒሳቡን ከፍለው ሄዱ።

«ቢመቱኝ እረሳው ነበር» አለ አባቴ።

ፖሊሹን ራሱ ቀባው፤ በጣም ስስ አድርጎ። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው እንዲህ ሲያደርጉ ማመስገናቸው ነው።

በማግስቱ በጥንድ 163፣ 170 እና 159፤ በግል 166፣ 182 እና 174 አመጣ። ሽልማት የሚያሰጥ ቁጥር አይደለም፣ እኛም ሽልማት አልጠበቅንም። 182ቱን ሲጥል ግን አጠገባችን የነበረ የማናውቀው ቡድን ተነሥቶ አጨበጨበለት። የመጀመሪያው ቀን 447 በባልደረቦቹ ድምር ውስጥ እንዳለ ነው፤ እሱን የሚያወጣ ፖሊሽ የለም። ለእነሱም እኔ ራሴ ነገርኳቸው፤ አንደኛው ትከሻዬን መታ አደረገኝ፣ ሌላው ምንም አላለም።

ወደ ቤት ስንሄድ ኳሱ ጭኔ ላይ ነበር። ዙሪያውን የዘይት መስመር ቀለበት በቀለበት ይታይበታል።

«ለሰኞ ምን ላድርገው?» አልኩት።

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። «ሰኞ የትኛው አዳራሽ ነው?»

«አሮጌው። ዘይት የሚቆጥቡት።»

«እንግዲያው ይብረቅ» አለ፤ አረንጓዴው በራ።