ለእናቴ የገዛሁት ሰንጢ

ለወላጅ ስጦታ ስንገዛ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ጋቢ ነው። ለአባት ጋቢ፣ ለእናት ነጠላ፣ ሹራብ፣ ለስላሳ ጫማ፣ ቢበዛ የደም ግፊት መለኪያ። ሁሉም ደግ ነገር ነው፤ እኔም ገዝቻለሁ፣ ወደፊትም እገዛለሁ። ነገር ግን እነዚህን ስጦታዎች ተራ በተራ ስታዩአቸው ሁሉም «ደክማችኋል፣ ከእንግዲህ ተቀመጡ» የሚሉ ናቸው። እናቴ ደግሞ አልተቀመጠችም። ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ላይ ጆንያዋን ዘርግታ የቡና ገለባ ትሸጣለች። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያስቀምጣትን ሳይሆን የምትሠራበትን ነገር ልስጣት ብዬ ሰንጢ መረጥኩላት።

ዲመካን ለማታውቁ፦ በደቡብ ኦሞ፣ በሐመር ምድር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ ይገበያያሉ፤ የዲመካ የቅዳሜው ገበያ ግን የሐመሩም፣ የበናውም፣ የካሮውም መገናኛ ነው። የሐመር ሴቶች ቅቤ፣ ማርና ቅል ይዘው ይመጣሉ። ሲመለሱ ከሚይዙት አንዱ ከአሪ ደጋ የሚወርደው የቡና ገለባ ነው። ሸፈሮ እያሉ አፍልተው በቅል የሚጠጡት እሱ ነው፤ ያለ ሸፈሮ የሐመር ቤት ቤት አይመስልም። እናቴ የአሪ ልጅ ናት፤ ገለባው ከሚወርድበት አገር ተወልዳ ገለባው በሚጠጣበት አገር ልጆች አሳድጋለች።

ጆንያው አፉ በሲባጎ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። እናቴ የክሩን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ ትስበዋለች። እምቢ ሲላት ከመቀነቷ ግማሽ ምላጭ ታወጣለች። የምላጩን አንድ ጎን በፕላስተር ጠቅልላዋለች፤ ፕላስተሩ ግን በላብና በቅቤ ይላላና ከጣቷ ሥር ይንሸራተታል። የቀኝ አውራ ጣቷ ሆድ ላይ ያሉት ቀጫጭን ነጫጭ ጠባሳዎች የዚያ ምላጭ ናቸው። በዚያው ምላጭ ሲባጎ ትቆርጣለች፣ ማንጎ ትልጣለች፣ እሾህ ታወጣለች፤ የልጅ ልጆቿን ጥፍር ሳይቀር ትቆርጥበታለች። ቤት ውስጥ ጥሩ ቢላዋ አላት፤ ግን ረጅም ነው፣ አፎትም የለውም። ልጆች በሚርመሰመሱበት ገበያ እሱን ወገቧ ላይ ሸጉጣ አትሄድም።

እንግዲህ መለኪያዬ መቀነቷ ሆነ። ሳንቲሟን፣ ቁልፏንና የስልክ ካርዷን ከምትቋጥርበት ቦታ ገብቶ ስትቀመጥ ሆዷን የማይወጋ፣ ስትነሳ የማይወድቅ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ማማርም መክበድም አያስፈልገውም።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ አሥር ነገር የሚሠራውን ነው፦ መቀስ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ ሞረድ፣ መርፌ። የዚህ ዘር አባት የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ ነው፤ በአገራችን ገበያ ቀይ እጀታና መስቀል ያለው ሁሉ ግን ከዚያ ቤት የወጣ አይደለም። መሥራቹ ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በተባለች መንደር ሥራውን ጀመረ፤ የመኮንኖች ሰንጢ የሚባለውን በ1897 አስመዘገበ። በ1909 እናቱ ቪክቶሪያ ስታርፍ ስሟን ለቢላዎቹ ሰጣቸው፤ በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ «ኢኖክስ» የሚለው ተጨመረበት። ዓለም በኪሱ ይዞት የሚዞረው ሰንጢ የአንዲት እናት ስም እንዳለበት ሳነብ ደስ አለኝ። ቢሆንም ለእናቴ አልገዛሁላትም። ስለቱን የምታወጡት በጥፍር ስባችሁ ነው፤ ምላሶቹ በበዙ ቁጥር የቱን እንደምትስቡ መፈለግ አለ፣ ጠንካራው ሞላም የደከመ ጣት ይፈትናል። እናቴ ጠዋት ጠዋት የጣቶቿ መገጣጠሚያ ይያዝባታል። ደግሞም የተለመደው ዓይነት ስለቱ ሲዘረጋ የሚቆልፈው ነገር የለውም፤ ጫፉን ተጭኖ ለሚሠራ ሰው እጅ ላይ ሊታጠፍ ይችላል።

ሰንጢ ለወላጅ የምትገዙ ከሆነ እባካችሁ ይህን ሞክሩ፦ ጣታችሁን ዘይት ቀቡና ክፈቱት፣ ዝጉት። ከዚያ በግራ እጃችሁ ድገሙት። እናንተን ካስቸገራችሁ እነሱን ያቆስላቸዋል። ሱቅ ውስጥ ሁሉም አዲስ ቢላዋ ስለታም ስለሆነ ስለቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

እኔ የመረጥኩት የፈረንሳዩን ኦፒኔል፣ ቁጥር 6ን ነው። ከውጭ የምትመጣ ጓደኛዬ ይዛልኝ መጣች። ከእ.ኤ.አ. 1890 ጀምሮ በሳቯ ተራሮች ለገበሬ የተሠራ ነገር ነው፦ አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ቀለበት። ስለቱ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1955 ጀምሮ የተጨመረችው ቀለበት ስትጠመዘዝ ስለቱ እንዳይታጠፍ ትቆልፈዋለች፤ ቁጥር 6 ይህች ቀለበት ካላቸው ሁሉ ትንሹ ነው። ካርቦን ብረት የሆነው በተራ ድንጋይ እንኳ ቶሎ ይሳላል፤ ግን ማንጎና ሎሚ ያጠቁሩታል፣ ካልተወለወለ ይዝጋል። ለእናቴ የማይዝገውን ወሰድኩ፤ ከሥራ በኋላ ቢላዋ ስትወለውል አይቻት አላውቅም፣ ቀሚሷ ላይ ጠረግ አድርጋ ነው የምትሸጉጠው። አንድ ጠባይ አለው፤ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አንቆ ይይዘዋል። ለዚህ በዲመካ ሙቀት ብዙ አልሰጋሁም፤ ያም ሆኖ እጀታውን ዘይት አጠጣሁት። (በአውሮፕላን ጂንካ የምትወርዱ ከሆነ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አድርጉት፤ በእጅ ቦርሳ ከያዛችሁት ፍተሻ ላይ ይቀራል።)

አንድ ነገር ጎደለው። ማሰሪያ ቀዳዳ የለውም፤ ያልታሰረ ነገር ደግሞ ገበያ ውስጥ የሰው ነው። ጂንካ ስደርስ ወደ አንድ የአሪ ቀጥቃጭ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአሪ ቀጥቃጭና ገበሬ አይጋቡም ነበር። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ከቀጥቃጭ እየገዛ፣ ከቀጥቃጭ ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም ነበር። የአሪ ብቻ አይደለም፤ በመላ አገራችን ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቡዳ እያልን አርቀን ኖረናል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ የደረሰ ነገር ነው፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቆመም። ቀጥቃጮቹ ከሌላ ዘር የመጡ፣ ከገበሬው ጋር በደም የማይገናኙ ናቸው የሚል ግምትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት የአሪን ቀጥቃጮችና ገበሬዎች መርምሮ፣ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የመጡ መሆናቸውንና የሚታየው ልዩነት ተገልለው በመኖራቸው የመጣ መሆኑን አሳየ። በገዛ ወንድሞቻችን ላይ ነው በር የዘጋነው። እናቴ ከገበሬ ወገን ናት፤ በልጅነቷ የቀጥቃጭ ቤት ውኃ እንዳትጠጣ ተነግሯት ያደገች። ይህን የምጽፈው እሷን ለመውቀስ አይደለም፤ የተማረችውን ነው የኖረችው። የቤቷን ቢላዋ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት የከተፈችበትን፣ የሠራው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም።

ሽማግሌው ቀጥቃጭ ሰንጢዬን ተቀብለው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ቀለበቷን ሁለት ጊዜ አዟዟሯት። ስለቱን በጥፍራቸው ጀርባ ዳበሱት። ከዚያ የሽቦ ቁራጭ ከሰሉ ውስጥ ከተው፣ ወናፉን የሚነፋውን ልጅ በአገጫቸው አዘዙት። ሽቦው ብርቱካን ሲመስል በጉጠት አውጥተው የእጀታው ጭራ ላይ አስቀመጡት፤ አልተጫኑትም፣ እንጨቱ እየጨሰ ራሱ አስገባው። ሁለት ጊዜ አግለው ወዲያ ማዶ አወጡት። ቀዳዳው ጠርዙ ጠቁሮ ለስልሶ ነበር፤ መሰርሰሪያ ቢሆን እንጨቱ ይሰነጠቅ ነበር አሉኝ። ከቁራጭ ብረት ትንሽ ቀለበት ቀጥቅጠው አስገቡበት። የጠየቁኝን ከፈልኩ፤ የሠሩት ሥራ ግን ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር።

በኛ ቤት ስለት ያለው ነገር ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ያጣላል ይባላል። በውጭም ቢላዋ የተሰጠው ሰው ለሰጪው ሳንቲም የሚከፍልበት አገር ብዙ ነው፤ ተገዛ እንጂ ተሰጠ እንዳይባል፣ ፍቅር እንዳይቆረጥ። ሰንጢውን ከጆንያዋ ላይ አስቀመጥኩላትና ይህን አጫወትኳት። ወዲያው ከመቀነቷ አንድ ብር ፈትታ «በል፣ ገዛሁት» አለችኝ። የምትቆልፈዋን ቀለበት አሳየኋት፤ ሁለተኛውን ጆንያ በጥርሷ አልከፈተችም። ቀዳዳውን ማን እንደበሳው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዝም ብላ ገመድ በብረቱ ቀለበት አሳልፋ ከመቀነቷ ጋር አሰረችው።

ሰሞኑን ደወለች። አጠገቧ ቅቤ የምትሸጠው የሐመር ሴት ሰንጢውን በማር ልለውጥሽ ብላ አስቸግራታለች። እናቴ እምቢ ብላ በምትኩ ሌላ ሐሳብ አመጣች፦ «እኚያ ጂንካ ያሉት ሰውዬ ይህን ዓይነት ራሳቸው አይሠሩም ወይ? ሂድና ጠይቅልኝ። ለሷ አንድ፣ ጨው ለምትሸጠዋም አንድ። ስለቱ ከመሐል ጣት እንዳይበልጥ በላቸው፤ ሲከፈት እንዳይጠና። ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን።»