ዝምድና የማያውቅ ዘበኛ

የመርካቶን በርበሬ በረንዳ የረገጠ ሰው ማስነጠስን ያውቃል። የማረቆና የአላባ ዛላ ከጆንያ ሲገለበጥ እንግዳው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፤ ነጋዴው ግን ለምዶታልና ሒሳቡን አያቋርጥም። የአክስቴ ልጅ እዚያ ሃያ ዓመት ነግዷል። ዛሬ ሐኪሙ ከከለከለው ነገር አንዱ የሻገተ ዛላ ብናኝ ነው።

ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ሳለ እህቱ አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችው። በአገራችን ይህ ሕክምና የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አግዘዋል። ከዚያ በፊት ያለው ሕንድ ይሄዳል፤ የሌለው ይጠብቃል።

ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካስ የሰውነት ዘበኛ ዝምድና አያውቅም! ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የእያንዳንዱን ሴል መታወቂያ እያዩ ይዞራሉ። የእህት ኩላሊት ቢሆንም መታወቂያው የሌላ ሰው ነውና እንደ ሌባ ይደበድቡታል። ስለዚህ ዘበኛውን ማደንዘዝ ግድ ይሆናል። ዋነኛው ማደንዘዣ ታክሮሊመስ ይባላል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በጹኩባ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው። በየ12 ሰዓቱ፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ ይዋጣል። ግን ዘበኛው ሲደነዝዝ እውነተኛው ሌባም ይገባል፤ ቲቢው፣ ሻጋታው፣ አንዳንዱ ካንሰር። መድኃኒቱ ካነሰ ኩላሊቱ ይጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ (ጉድ እኮ ነው) ያንኑ ኩላሊት ይመርዛል።

«ሚዛን ነው» ይላል የአክስቴ ልጅ። ነጋዴ አይደል!

የ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ ለአሜሪካውያኑ ሜሪ ብረንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ሲሰጥ ልቤ የዘለለው ለዚህ ነው። ሳካጉቺ በ1995 እ.ኤ.አ. ከቲ ሴሎች መካከል ሌሎቹን «ተው» የሚሉ እንዳሉ አሳየ። የሰፈር ሽማግሌ በሏቸው። እነዚህን ከታማሚው ደም ወስዶ፣ አባዝቶ መመለስ በውጭ አገር ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ዘበኛውን ከማስተኛት ማስታረቅ፤ ለእኔ ይህ የተሻለ መንገድ ነው፤ ገና ሙከራ ቢሆንም።

ይህን ስነግረው በጥሞና ሰማኝና «ስንት ይሆናል?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ነች።

«ዋጥክ?»

«እሺ፣ አሁን እውጣለሁ» አለና ውኃ አምጡልኝ አለ።