ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

ሙስሊም ሳይሆን ረመዳንን አብሮ ጾሞ የምሳውን ሒሳብ ለችግረኛ ለሚሰጥ ሰው፣ ጭንቁ የሚጀምረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሁዳዴ ያሠለጠነው ሆድ እስከዚያ ይታገሣል፤ እስከ መግሪብ የቀሩት ሦስት ሰዓታት ናቸው ጉድ የሚያፈሉት። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ስለገቡ፣ ሁለቱን ጾሞች በአንድ ሆድ ማስታረቅም ተችሎ ነበር፤ ኢፍጣሩ የጾም ምግብ ከሆነ ማን ቅር ይለዋል?

የሐረሩ ገበያ ጊደር መጋላ ግን ለጀማሪ ጾመኛ አይራራም። ሥጋ ተራው ላይ ጭላት እያንዣበበ የሰው እጅ ያያል፤ እሱ ጾም አያውቅም። ከዐስር ሶላት በኋላ የሳምቡሳው ዘይት መንቻቻት ይጀምራል። ጾመኛው ክርስቲያን የሥጋውን አልፎ የምስሩን ያስጠቀልላል፤ አዛን እስኪል ትኩሱን ይዞ መቆም ነው፣ ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ጣቱ ላይ ይደርሳል። ጫቱም ለሌሊት ይተላለፋል፤ ለሐረር ሰው ይህ ከምግቡ ሳይብስ አይቀርም።

ሙስሊሙ ከዒድ ሶላት በፊት ዘካተል ፊጥርን በልኩ ማውጣት ግዴታው ነው። እንግዳው ጾመኛ ልክ የለበትም፤ ያልበላውን ምሳ ደምሮ፣ የሳምቡሳውን ቀንሶ ይሰጣል።