አልነሣ ያለችው ትንሽ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ሲበራ ሥራውን የሚጀምረው ባንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ በቺፑ ውስጥ ተቀርጾ የሚኖረው እጅግ አጭር ፕሮግራም ይነቃል፤ እርሱም ከሜሞሪ ካርዱ ላይ ከራሱ የሚበልጠውን ጫኝ ፕሮግራም ያነሣል፤ ጫኙ ደግሞ ከርነል የተባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አስኳል ያስገባል። ከርነሉ በበኩሉ ፋይሎች የተቀመጡበትን ክፍል ከፍቶ የቀሩትን ፕሮግራሞች ይቀሰቅሳል። በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ እንደሚደርስ ሁሉ በዚህም ደረጃ መዝለል የለም። ልዩነቱ፣ የቅኔው ተማሪ ሲሳሳት የኔታ ያርሙታል፤ ማሽኑ ግን ከተሰናከለበት ላይ ይቆማል።

በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመጽሐፍ ዝግጅት ሰንብቼ ነበር። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አልነበረውም። በዚያ ፈንታ ራስበሪ ፓይ የተባለች መዳፍ የምታክል ኮምፒዩተር በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጣ ተማሪዎቹን ታገለግል ነበር። የዚህች ዓይነቷ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ለማስተማሪያ ታስባ ለገበያ የቀረበች ናት፤ የምትሠራውም ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ባደረገው በሊኑክስ ከርነል ነው። በውስጧ ከዊኪፒዲያ ቅጂ ሌላ መምህራኑ በሁለት ዓመት ውስጥ በአማርኛ ያዘጋጇቸው ማስታወሻዎች ነበሩ። የእነዚህ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከነጎድጓዱ ጋር መብራት ጠፋ። ማታ ሲመለስ ኮምፒዩተሯ አልነሣም አለች። ለብሔራዊ ፈተናው የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ።

«ካርዱን አጥፍተን ሌላ ሲስተም እንጫንበት» አለ አንድ ወጣት መምህር። በእርግጥም እንዲህ ቢደረግ ሰሌዳዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትነሣ ነበር፤ የሁለት ዓመቱ ድካም ግን አብሮ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ከኮምፒዩተር ክበብ አባላት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመች እንወቅ» አለችው። ጥያቄዋን ወደድሁላት። «ተበላሸ» ማለት ለማንም ይቀላል፤ የተበላሸበትን ደረጃ መለየት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ቀይዋ መብራት ሳትጠፋ በርታ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሰሌዳ ኃይሉ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ቀይዋ ስለምትጠፋ፣ ጥርጣሬው ከኤሌክትሪኩ ላይ ተነሣ። አረንጓዴዋ ደግሞ ከርነሉ ያልተገኘ እንደሆነ ሰባት ሰባት ጊዜ ብልጭ ማለት ይገባት ነበር፤ አላለችም። እንግዲያው ከርነሉ ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪን ብንቀጥልላት ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወርዶ «ከርነል ፓኒክ» ከሚል ቃል ላይ ቆመ፤ ዋናውን የፋይል ክፍል መክፈት አልተቻለም የሚል ነበር። ከጎኑ በቅንፍ ውስጥ 179 እና 2 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 179 የሜሞሪ ካርድ መለያ ነው፤ 2 ደግሞ የካርዱ ሁለተኛ ክፍል። በዚህ ቦታ ሁለት ዜሮ ቢጻፍ ኖሮ ከርነሉ ካርዱን ጭራሽ አላወቀውም ነበር። አሁን ግን አውቆታል፤ ያቃተው መክፈቱ ነው።

ካርዱ ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ማሽኑ ወዲያው «ፎርማት ላድርገው?» ሲል ጠየቀ። ዊንዶውስ የሊኑክስን አጻጻፍ ስለማያነብ ክፍሉን እንዳልተሰናዳ ይቆጥረዋል። እሺ የሚለውን ተጭኖ ስንት ሰው ፋይሉን እንዳጣ መገመት አያዳግትም። ልጅቷ ሰረዘችው። ከዚያም ሊኑክስ ያለበት ሌላ ላፕቶፕ ተገኝቶ፣ አንዳች ነገር ሳይነካ ካርዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በውጭ ዲስክ ላይ ተገለበጠ። ጥገናው የተካሄደው በግልባጩ ላይ ነው።

የፋይሉ ሥርዓት ስለ ራሱ የሚናገረውን ዋና መዝገብ በአንድ ቦታ ብቻ አያኖርም፤ ቅጂዎቹን በልዩ ልዩ ስፍራ ያስቀምጣል። የፊተኛው ተበላሽቶ ኖሮ አልነበብ አለ። በ32768ኛው ብሎክ ላይ ያለው ቅጂ ግን ደኅና ነበር፤ የጥገናው ፕሮግራም ያ አድራሻ ሲሰጠው ሥራውን ቀጠለ። ግልባጩ በአዲስ ካርድ ላይ በተጻፈ ጊዜ ሰሌዳዋ ተነሣች።

ማስታወሻዎቹ በአብዛኛው ከነስማቸው ተገኙ። ጥቂቶቹ ግን ስማቸውን አጥተው፣ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው «የጠፉና የተገኙ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ተከማቹ። ተማሪዎቹ እየከፈቱ፣ «ይህ የባዮሎጂ ነው፤ ይህ የጂኦግራፊ ነው» እያሉ ስም ይመልሱላቸው ጀመር። የአንዱን ባለቤት ከርእሱ መለየት አልተቻለም ነበር። ሁለተኛውን አንቀጽ ሲያነቡት ግን ሁሉም ሳቁ፤ በየመሥመሩ «ልብ በሉ» የሚል አንድ መምህር ብቻ ነበርና።